ስኳርና ግፊት ፕሮሰስ አይጠብቁም

ወገኖቼ፤

ይህን ጽሑፍ የምልክላችሁ ከዶራሌ ነው። የጽሑፍ ክበቡ ልጆች «ሲስተር፣ እርስዎም አንድ ነገር ይጻፉልን» ብለው ወረቀት ከላኩልኝ ሦስት ወር አልፎታል። በእነዚህ ገጾች የሚወጣውን ግጥምና ትዝታ በደስታ አነባለሁ፤ እኔ ግን ግጥም አልችልም። ሠላሳ ዓመት ያህል ስጽፍ የኖርኩት የበሽተኛ ካርድ ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ግፊት፣ የታዘዘ መድኃኒት፣ የቀጠሮ ቀን። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ስለማውቀው ነገር ነው። ከዚያው ጋር አንድ ወንድማችንን የበደልኩበትን ነገር እናገራለሁ። እሱን ደብቄ ምክር ብቻ ብሰጥ ውሸት ይሆንብኛል።

ዶራሌን ያላያችሁ ትኖራላችሁ። ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ ባሕሩ ዳር ያለ ቦታ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 የኮንቴይነሩ ወደብ፣ በ2017 ደግሞ ሁለገቡ ወደብ ከተከፈቱ ወዲህ አካባቢው የብረት፣ የአቧራና የከባድ መኪና ሆኗል። (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ወደ አገራችን ከሚገባው ዕቃ ብዙው በዚህ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ከመንገዱ ዳር የተቀመጠ ሰው ከሶማልኛውና ከአፋርኛው ጋር አማርኛ ሳይሰማ አይውልም። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጆንያ ተሸካሚው፣ ሻይ ሻጯ፣ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። እኔ የመጣሁት የእህቴ ልጅ ስትወልድ ላርሳት ብዬ ነበር፤ በዚያው ቀረሁ። ማታ ማታ፣ ንዳዱ በረድ ሲል፣ ከቤታችን ፊት ከተወጠረው ሸራ ሥር ተቀምጬ በራሴ መለኪያ የሰው ግፊት እለካለሁ። መድኃኒት አላዝዝም። ከፍ ያለበትን ወደ ሐኪም እልካለሁ፤ ቀጠሮውን አስታውሳለሁ፤ በፈረንሳይኛ የተጻፈውን የመድኃኒት ወረቀት አነብለታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በካምፑ ጤና ጣቢያ ስረዳ የምታውቁኝ ታስታውሱ ይሆናል፤ አንድ የወሎ ሰው ነበር። ስሙን አልጽፍም። ዕድሜው አርባ አምስት ገደማ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። ለራስ ምታት ክኒን ሊጠይቅ መጥቶ ግፊቱን ብለካው 180 በ110 ሆነ። አሳርፌ ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። ሐኪሙ አይቶት አምሎዲፒን የሚባለው ክኒን ታዘዘለት። ሁለት ወር ወሰደ። ራስ ምታቱ ተወው፤ እሱም ክኒኑን ተወው።

በሦስተኛው ወር በወረፋው አጠገብ ሲያልፍ ጠርቼ ለምን እንደቀረ ጠየቅኩት። «ድኛለሁ እኮ ሲስተር። ደግሞም ፕሮሰሴ ተጀምሯል፤ እዚያ ስደርስ በደንብ እታከማለሁ» አለኝ። እኔም ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሬ ቆሜ ውዬ ነበርና ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኽኩበት። «እንደ ሕፃን ልጅ ክኒን በአፍህ ላጉርስህ ወይ? ሞትህን ነው የምትፈልገው?» አልኩት። ወረፋ የያዘው ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በጤና ጣቢያው በር ዝር አላለም። እኔም ቤቱን እያወቅሁ ሄጄ አልጠየቅሁትም።

ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ እዚህ ዶራሌ ተገናኘን፤ የቀን ሥራ ፍለጋ መጥቶ ጆንያ ይሸከም ነበር። ሲያየኝ ሰላም ብሎኝ በሌላ በኩል ይሄዳል። አንድ ሌሊት፣ ሊነጋ ሲል፣ ሚስቱ በራችንን ደበደበች። ስደርስ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም፤ ሊናገር ይሞክራል፤ የሚወጣው ግን ቃል አይደለም። ሾፌሮቹ መኪና ሰጡንና ሆስፒታል አደረስነው። ነፍሱ ተርፋለች። ያ ሁሉ ጆንያ የተሸከመ ትከሻ ግን ዛሬ ያለ ሰው እርዳታ ከሰሌኑ አይነሳም።

ጎንደር ስማር የተነገረኝን ያን ሌሊት አስታወስኩ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲቋቋም ሐኪም በማይደርስበት ገጠር የሚሠራ የጤና ባለሙያ ለማፍራት ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ እንደ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ ያሉ ሐኪሞች የስኳር፣ የግፊትና የሚጥል በሽታ ክትትል ከሆስፒታሉ ወጥቶ በገጠር ጤና ጣቢያ፣ በነርሶች እጅ እንዲሠራ አድርገዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ሕመምተኛው ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ አንድ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያ ይደክመውና ይቀራል። ሲቀር ደግሞ ይሞታል። ወባ ወይም የሳንባ ምች ቢሆን መድኃኒቱን ሰጥተህ፣ ድኖ፣ እስከ ወዲያኛው ላታየው ትችላለህ። ስኳርና ግፊት ግን የዕድሜ ልክ እንግዶች ናቸው። ለእነሱ የነርስ ትልቁ ሥራ መርፌ መውጋት አይደለም፤ ሕመምተኛው በሚቀጥለው ወር ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ተምሬ፣ እንዳይመለስ አድርጌ አሰናበትኩት።

ወገኖቼ፣ እሱ ያለውን ነገር እኔም ብያለሁ፤ እናንተም ብላችኋል። «እዚያ ስደርስ»። ጥርሳችንን እዚያ ስንደርስ እናስነቅላለን፤ መነጽራችንን እዚያ ስንደርስ እንለውጣለን፤ ትምህርቱንም ትዳሩንም እዚያ ስንደርስ። የካምፕ ኑሮ ይህን ያስተምራል፤ ሰውነትን እንደ ተቆለፈ ሻንጣ አስቀምጦ መጠበቅ። ዳሩ ግን ስኳርና ግፊት ወረፋ አያውቁም። ፋይሉ በቢሮ ተኝቶ ሳለ እነሱ በሥራችን ውስጥ ሥራቸውን ይሠራሉ። እዚያ የሚደርሰውም ሰውነት ይኸው እዚህ ያለው ነው፤ ሌላ አይሰጡንም።

ሾፌሮቹ ዘወትር የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ምንም ካላመመኝ ክኒኑን ለምን እወስዳለሁ?» እኔም «ምንም ሳይሆን ጎማህን ለምን ትለካለህ?» እላቸዋለሁ። በዚህ ንዳድ ከልኩ በላይ የተነፋ ጎማ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ ጭነትም ይሸከማል። የት ላይ እንደሚፈነዳ ግን አይናገርም። ግፊትም ሳያምና ሳያስታውቅ የአንጎልን፣ የልብን፣ የኩላሊትንና የዐይንን የደም ሥር ለዓመታት ሲጎዳ ይኖራል። ራሱን የሚያመው ሰው ግፊት ላይኖርበት ይችላል፤ ራሱን አሞት የማያውቅም 180 ሊሆን ይችላል። የሚያውቀው መለኪያው ብቻ ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ እየሆነ ከተደጋገመ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ክኒኑን እየወሰዳችሁ ግፊቱ ቢወርድ ድናችኋል ማለት አይደለም፤ ክኒኑ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። እግር ቢያሳብጥባችሁ ወይም ሌላ ነገር ቢያስቸግራችሁ በራሳችሁ አታቁሙት፤ ሄዳችሁ ንገሩ። በሌላ ዓይነት ሊለወጥላችሁ ይችላል።

የወሎው ወንድማችን ከሆስፒታል ሲመለስ ሚስቱ ወደ እኔ ዞራ «ምን ላድርገው?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ሰው በቤቱ ያለበት አንባቢ ይኖራልና ለእሷ ያሳየኋትን ልጻፈው።

የማይንቀሳቀስን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን አገላብጡት፤ ሌሊትም ቢሆን። የመኝታ ቁስል የሚጀምረው አጥንት በሚወጣበት ቦታ ነው፤ በተረከዝ፣ በዳሌ፣ በጅራት አጥንት፣ በክርን። ቆዳው ቀልቶ ስትጫኑት ቅላቱ ካልጠፋ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነውና በዚያ ጎን አታስተኙት፤ አትሹትም። አንሶላው እንዳይጨማደድ፣ ሥሩም እንዳይረጥብ። ምግብ ስታበሉት አቅንታችሁ አስቀምጡት፤ ተኝቶ አይብላ። በትንሽ ማንኪያ፣ ጤነኛ በሆነው የአፍ ጎን፣ ቀስ ብላችሁ። ሲውጥ ካሳለው ወይም ድምፁ እንደ ውሃ ከተንቦጫረቀ አቁሙና ለሐኪም ንገሩ፤ ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ይችላል። የደከመውን ክንዱን ይዛችሁ አትጎትቱት፤ ትከሻው ይወልቃል። ክንዱን በትራስ ወይም በታጠፈ ነጠላ ደግፉት። መገጣጠሚያዎቹን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱለት። ደግሞም አነጋግሩት። መናገር ያቃተው ሰው ሁሉ መስማት አልተሳነውም። ከፊቱ ተቀምጦ እንደ ሞተ ሰው ስለ እሱ መማከር ታላቅ ጭካኔ ነው።

አስታማሚዋንም አትርሷት። ይህች ሴት በመጀመሪያው ወር ከሁለት ሰዓት በላይ ሳትተኛ ትነጋ ነበር። በኋላ የመንደሩ ሴቶች እንደ እድር ተራ ገብተን አንዳንድ ሌሊት እኛ አደርንለት። በካምፕም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ደግሞ ያስተማረችኝን ሴት ላንሳ። ጎረቤታችን ናት፤ የድሬዳዋ ሰው፤ ለሾፌሮች ሻይ ትሸጣለች። ታላቄ ስለሆነች እትዬ እላታለሁ። ስኳር አለባት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋለች። ፍሪጅ የላትም። በረዶ እየገዛች ብልቃጡን በቴርሞስ ውስጥ ከበረዶው ጋር ታስቀምጥ ነበር። አንድ ሰሞን መርፌዋን ሳታቋርጥ እየወጋች ስኳሯ አልወርድ አለ። ሌሊቱን ስትሸና ታድራለች፤ ውሃ ጥም አይለቃትም። ብልቃጡን አምጪልኝ ብዬ ሳየው በውስጡ ትንንሽ ጓል ይዟል። በረዶውን ነክቶ ቀዝቅዞ ጠጥሮ ነበር። አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም፤ ይጣላል። ሙቀት ያበላሸዋል ብለን ስንሸሽ በረዶ አበላሸብን።

ምን እናድርግ ብለን ስንጨነቅ እትዬ «እኛ ድሬዳዋ ውሃ የምናቀዘቅዘው በገንቦ አይደል እንዴ? መድኃኒቱ ከውሃ ይከብራል?» አለችኝ። እኔ ኮሌጅ የገባሁት ሴትዮ አላሰብኩትም ነበር። እንዲህ አደረግን። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ፣ ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ አመጣን። ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስቀምጠን በመካከላቸው ያለውን ክፍት ቦታ በንጹሕ አሸዋ ሞላነው። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ እናጠጣዋለን። ጨዋማውን የባሕር ዳር አሸዋ አልተጠቀምንም፤ ጨው የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል። ብልቃጡ እንዳይረጥብ በክዳን ባለው ፕላስቲክ ውስጥ አድርገን ከትንሹ ማሰሮ አስገባነው፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንነው፤ ጥላና ነፋስ ባለበት አስቀመጥነው። ውሃው ወደ አየር ሲተን ከማሰሮው ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ላብ ሰውነታችንን እንደሚያቀዘቅዘው ማለት ነው። አየሩ ደረቅ ሲሆን በደንብ ይሠራል፤ እርጥበት ሲበዛ ይደክማል። ስለዚህ በዶራሌ ካምሲን የሚባለው ደረቅ የበጋ ነፋስ ሲነፍስ ማሰሮው ይበርድልናል፤ የባሕሩ አየር ሲከብድ ግን ያን ያህል አይደለም። እናንተ ከባሕር ርቃችሁ በደረቅ አገር ስላላችሁ ከእኛ ይልቅ ይሠራላችኋል።

ይህን የምለው በግምት ብቻ አይደለም። በኬንያ ዳዳብ፣ ዳጋሃሌ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በቤቶች ውስጥ ያለውን ሙቀት ለካ። በቀንና በሌሊት መካከል ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ይወጣና ይወርድ ነበር። ከዚያም ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ኢንሱሊንን በዚያው ልክ በሚለዋወጥ ሙቀት አራት ሳምንት አቆይቶ መረመረው። በ2021 ታትሞ በወጣው ውጤት መሠረት መድኃኒቱ ኃይሉን እንደያዘ ተገኘ። ከዚያ በፊት ፍሪጅ የሌለው ስደተኛ ለእያንዳንዱ መርፌ ወደ ሆስፒታል መመላለስ ነበረበት። ነገር ግን አስተውሉ፤ እዚህ አገር በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ማሰሮው ያስፈልጋል። ያልተከፈተው ብልቃጥ ፍሪጅ ባለው ጤና ጣቢያ ይቆይላችሁ፤ የከፈታችሁበትን ቀን በብልቃጡ ላይ ጻፉ፤ አራት ሳምንት ሲሞላው ለውጡ። መልኩ የተለወጠ፣ ጓል የያዘ ወይም ሲያዩት ጥርጥር የሚያሳድር ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያው አምጡት እንጂ አትውጉት።

ኢንሱሊን ለሰው መጀመሪያ የተሰጠው በ1922 መጀመሪያ በካናዳ፣ በቶሮንቶ፣ ሌናርድ ቶምፕሰን ለሚባል ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ሰውነቱ ኢንሱሊን የማይሠራ ልጅ ከሞት አያመልጥም ነበር። ይህን የምነግራችሁ «መርፌው ነው የሚገድለው» የሚል ወሬ በካምፕም በዶራሌም ስለምሰማ ነው። የሚገድለው መርፌው ሳይሆን ማቋረጡ ነው።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላም አደጋ አለ፤ ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እትዬ ለደንበኞቿ መልስ አሳስታ ትሰጣለች፤ ትሳደባለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ በላብ ተጠምቃለች። ሰዎቹ ጠጥታ ነው ብለው ይስቁባታል። ለካስ ጠዋት መርፌዋን ወግታ፣ ሥራ በዝቶባት፣ ምሳዋን ረስታዋለች። ያን ሁሉ ስኳር ለሰው እያማሰለች የራሷ ስኳር ወርዶ ነበር። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ልቧ ተመለሰች፤ ከዚያም ምግብ በላች። ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ ካልተሻለው ያንኑ ድገሙለት። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይደረግለት፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ሁሉ ጥቂት ስኳር በወረቀት ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ያዙ፤ ጎረቤታችሁም ምልክቱን ይወቅ።

እግራችሁንም ዕዩት። ስኳር የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። የእትዬ እግር በቀትር አሸዋ ተቃጥሎ ውኃ ሲቋጥር አልተሰማትም፤ ማታ ሳጥባት ነው ያየሁት። ስለዚህ በየማታው መዳፉን፣ ተረከዙን፣ የጣቶቹን መካከል ተመልከቱ፤ ዐይኑ የደከመ ሰው ልጁ ይይለት። እግር በለብታ ውሃ ይታጠብ፤ በጣቶቹ መካከል ይድረቅ። በባዶ እግር አትሂዱ፤ በቤት ውስጥም ቢሆን። ጫማችሁን ከማጥለቃችሁ በፊት አራግፉ። የደነዘዘ እግር በከሰል አይሞቅ። ትንሽ ቁስል ብትታይ በዚያው ቀን አሳዩ። ብዙ እግር የሚቆረጠው «ትንሽ ናት» ከተባለች ቁስል ተነሥቶ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልመክርም፤ ራሽን የሚበላ ሰው መርጦ እንደማይበላ አውቃለሁ። የምንችለውን ግን እናድርግ። ሻዩን ስኳር እንቀንስለት። ጨው በቀን ለአንድ ሰው ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ እኛ በሽሮው፣ በበርበሬው፣ አንዳንዳችን በቡናውም ስንጨምር ከዚያ እናልፋለን። የሚጾሙ ክርስቲያንም ሙስሊምም ወንድሞችና እኅቶች ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይማከሩ፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና ልክ መለወጥ ሊኖርበት ይችላል፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ባይጾም የሚሻልበት ጊዜም አለ። ጫትም ግፊትን ያወጣል። በየቀኑ ከአገራችን ሲገባ አያለሁ፤ ምን ያህል ሰው እንደሚጠብቀውም አውቃለሁ። ተዉ ብዬ ብጮኽ ማንም አይሰማኝም። ለግፊት ሰው ግን ሸክም ላይ ሸክም መሆኑን ልናገር።

ስለ ጸበልና ስለ አገር መድኃኒትም ትጠይቁኛላችሁ። ጸበሉን ጠጡ፤ ዱዓውንም አስደርጉ። ክኒኑንም ዋጡ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በወጥ ውስጥ መልካም ናቸው፤ በክኒን ፋንታ ግን አይሁኑ።

አንድ ነገር ልጨምር። በጅቡቲ በ2017 የወጣው የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው አረጋግጧል። ስለዚህ ሕክምና መጠየቅ ልመና አይደለም። የመድኃኒታችሁን ስምና መጠን፣ የግፊታችሁንና የስኳራችሁን ልክ ከነቀኑ በአንድ ደብተር ላይ አስጽፉ። ደብተሩ ከመታወቂያችሁ ጋር ይቀመጥ። ወደ ዶራሌም ሆነ ወደ ሦስተኛ አገር ስትሄዱ አዲሱ ሐኪም ከመጀመሪያ አይጀምርም። ፕሮሰስ ያለበት ሰው ለፕሮሰሱ ሊያደርግ ከሚችለው ነገር አንዱ ይህ ነው።

ባለፈው ሳምንት የወሎውን ወንድማችንን ላገላብጠው ሄጄ ነበር። አሁን ቃላት እየተመለሱለት ነው፤ ቀስ እያለ፣ አንዳንዱን እየፈለገ ይናገራል። የያዝኩትን ይዤ መኖር ስላልቻልኩ «ያን ዕለት በሰው ፊት ስለጮኽኩብህ ነው የቀረኸው?» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ሰው ስለሳቀ» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። «አውፍ ብያለሁ» አለና በግራ እጁ ወደ ራስጌው አመለከተ። ያቺን ቀን ክኒኑ አልተሰጠውም ነበር፤ ሚስቱ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ዘግይታለች። አቅንቼ አስቀምጬ፣ በትንሽ ውሃ አዋጥኩት። ፕሮሰሱ እስከ ዛሬ እዚያው የነበረበት ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ክኒኑን የተወ፣ ቀጠሮውን የቀረ ሰው በአጠገባችሁ አለ፤ ታውቁታላችሁ። አትጩኹበት፤ አትሳቁበትም። በሚቀጥለው የክሊኒክ ቀን ከበሩ ሄዳችሁ «ና አብረን እንሂድ» በሉት፤ ወረፋውንም አብራችሁት ጠብቁ። እኔ ያን ማድረግ የምችልበት ቀን አልፎኛል። እናንተ ገና አለላችሁ።

በቸር ያገናኘን።

ከዶራሌ፣ የቀድሞዋ የጤና ጣቢያችሁ ነርስ